ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ግንብ

ቪቲና ሳንታርሲዬሮ በሮካሶርዳ ማዘጋጃ ቤት የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ይባል እንጂ ከሥሯ አንድም ሠራተኛ የላትም፤ ክፍሉ እሷ፣ እሷም ክፍሉ ነበረች። የመንገድ መብራት ሲጠፋ፣ የመቃብር ስፍራ ሲጠብ፣ በባዚሊካታ አውራጃ ተራሮች በረዶ ጥሎ መኪና ሲንሸራተት የሚጠራው የእሷ ስም ነው። ደፋር ሴት ነበረች። መሰላል ላይ መውጣት አትፈራም፤ የሚጮህባት ሰውም አያስደነግጣትም። የምትፈራው ፊርማ ነበር።

ፍርሃቱ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከእሷ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው፣ ሥራውንም ያስተማራት ኤጂዲዮ ፔትሮኔ ነው፤ ከተማው በሙሉ «አጎት ኤጂዲዮ» ይለዋል። አንድ ጊዜ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲሠራ ተቋራጩ «ቋጥኝ ገጠመኝ» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። አጎት ኤጂዲዮ ወርዶ ቋጥኙን በዓይኑ አየና ፈረመ። ዓመታት ካለፉ በኋላ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው ፍርድ ቤት፣ «ቋጥኝ መኖሩ አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት፤ ገንዘቡ ያላግባብ ወጥቷል» ብሎ ከገዛ ኪሱ እንዲከፍል ፈረደበት። ሰውዬው አንዲት ሳንቲም አልነካም። ግን የወይን ማሳውን ሸጠ፣ ቀጥሎ ቤቱን ሸጠ፤ አሁን በእህቱ ልጅ ቤት አንዲት ክፍል ተሰጥቶት ይኖራል። ስለዚያ ነገር ቢጠይቁት አይመልስም።

ቪቲና ይህን ከቅርብ ያየች ናት። ስለዚህ ወረቀት በቀረበላት ቁጥር እያንዳንዱን መስመር ደግማ ደጋግማ ታነባለች፤ ፈርማ ከጨረሰች በኋላም መሳቢያውን ከፍታ እንደገና ታየዋለች።

የግንቡ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። የከተማይቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቆመው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ አፈሩም ሸክላ ነው፤ በጋ ሲሰነጠቅ፣ ክረምት ሲንሸራተት የኖረ። ከአሥር ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ ለደጋፊ ግንብ የሚሆን ስድስት መቶ ሺህ ዩሮ ተፈቀደ። ንድፉን የሠሩት ከትልቅ ከተማ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው። በድርቅ ዓመት፣ በዚያ አገር የበጋ ወር በሆነው በነሐሴ ሐሩር፣ መሬቱን ሦስት ቦታ በስተው ደረቅ ነው አሉ። ቪቲና ስልክ ደውላ፣ «ይኼ ቦታ እኮ የአጣቢዎች ቁልቁለት ነው የሚባለው። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት ምንጭ ነበረው» ብላቸው ነበር። «ወይዘሮ፣ እኛ የምንነድፈው በምርመራ ነው እንጂ በተረት አይደለም» አሏት። ገንዘቡ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተነካ ተመላሽ ይሆናል። እሷም ዝም አለችና ጨረታው ወጣ።

ታሽገው የመጡት ዘጠኝ ፖስታዎች በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በሰው ፊት ተከፈቱ። የመጀመሪያው ከመነሻው ዋጋ ላይ ከመቶ አሥራ ሁለት ይቀንሳል፤ ሌላው አሥራ አምስት፤ ሌላው አሥራ ዘጠኝ። የመጨረሻውን ፖስታ ስትቀድ እጇ ቆመ።

«ካኒዮ ላቸሬንዛ» አለች፤ «ከመቶ ሠላሳ አራት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ፣ «ካኒዮ ግንቡን ለነፍሱ ሊሠራው ነው እንዴ?» አለና ሰው ሳቀ። ካኒዮ እዚያው ነበር፤ እሱም አብሮ ሳቀ። የሮካሶርዳ ልጅ ነው፤ ከቪቲና ጋር በአንድ ወንበር የተማረ፣ አንድ መቆፈሪያ ኤስካቫተርና ሁለት ገልባጭ መኪና ያለው ተቋራጭ። ዓመት ሙሉ ሥራ አጥቶ መቀመጡን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ዋጋው ከልክ በላይ ዝቅ ሲል ተጫራቹ ቀርቦ እንዲያስረዳ ሕጉ ያዛል። ካኒዮ ቀይ ከረባት አስሮ በኮሚቴው ፊት ቀረበ።

«በዚህ ዋጋ እንዴት አድርገህ ነው የምትሠራው?» አለችው ቪቲና።

«ማሽኑ የራሴ ነው። ድንጋዩ ከአማቼ የድንጋይ ካባ ይመጣል። ጉልበቱ የወንድሜ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከደመወዝ ይልቅ ምሳ ነው የሚወዱት።»

«ትርፍህስ?»

«ትርፌ ግንቡን ማየት ነው፣ ኢንጂነር።»

የኮሚቴው አባላት ፈገግ አሉ። ቪቲና ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ሁሉም ተሟልተዋል፤ የሚጣልበት ሰበብ አልነበረም። በዚህ ዋጋ የገባ ሰው ወይ ይከስራል፣ ወይ መንገድ ላይ ሌላ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይህን በልምድ ታውቀዋለች። ልብ ያወቀው ግን ማስረጃ አይሆንም። ውሉ ተፈረመ።

ቁፋሮው በመስከረም ተጀመረ። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ላይ ካኒዮ ደወለላት። «ውረጂና እይ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ጉድጓዱ ከትምህርት ቤቱ ግርጌ ሥር እንደ ትልቅ አፍ ተከፍቷል። ከታች፣ ሸክላው ግራጫ ሆኖ ያበራል፤ ከስንጥቁ ውኃ ይንጠባጠባል። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ። ከላይ በክፍት መስኮት ልጆች የማባዣ ሰንጠረዥ በአንድ ድምፅ ሲሉ ይሰማል።

«ያልታሰበ ነገር ገጠመን» አለ ካኒዮ ጮክ ብሎ፣ የወንድሙ ልጆች እንዲሰሙት። «በንድፉ መሠረት ግንቡ እዚህ ላይ አይቆምም። ጥልቅ ምሰሶ ያስፈልጋል። መቶ አርባ ሺህ ተጨማሪ። ማመልከቻውን ዛሬውኑ አስገባለሁ።»

«ያልታሰበ?» አለች ቪቲና ቀስ ብላ። «ካኒዮ፣ እናትህ እኮ አንሶላ የምታጥበው እዚሁ ነበር።»

ካኒዮ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንቺም እናት።»

ተያዩ። ሁለቱም ያውቁ ነበር። እሱ ሠላሳ አራት ሲቀንስ ይህን ውኃ አስቦ ነው፤ በዝቅተኛ ዋጋ ልግባ፣ ውኃው ሲወጣ ተጨማሪው ይክሰኛል ብሎ። በሕጉ ግን ተጨማሪ ክፍያ የሚፈቀደው ማንም ሊገምተው የማይችል ነገር ሲገጥም ብቻ ነው፤ ያንን ቃል ጽፎ የሚፈርመው ደግሞ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው ነው። ማለትም ቪቲና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ። ባሏ ሳቬሪዮ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ለምሳ በዘይት ጠብሶ የሚያቀርብላትን ደረቅ ቃሪያ እንኳ፣ ያን የምትወደውን፣ በሹካ ታንቀሳቅሰው ነበር።

«ቤቱን በስምህ ላዙረው እያልኩ ነው» አለችው አንድ ቀን። በየማዘጋጃ ቤቱ ያሉ የሥራ ባልደረቦቿ ብዙዎቹ እንደዚያ አድርገዋል፤ ነገ ቢፈረድባቸው የሚወሰድ ነገር እንዳይገኝ።

«በኔ ስም ካዞርሽውማ ነገውኑ ወጣት አገባበታለሁ» አለ ሳቬሪዮ። ሳትስቅ ስትቀር እሱም ሹካውን አስቀመጠ። «እስኪ ንገሪኝ። ብትፈርሚ ምን ይመጣል?»

«እንደ አጎት ኤጂዲዮ እሆናለሁ። ከተማው በሙሉ ምንጩን እያወቀ ‹ማንም አልገመተም› ብዬ ልጻፍ?»

«ባትፈርሚስ?»

«ካኒዮ ሥራውን ያቆማል። ውሉ ይፈርሳል፣ ንድፉ ይታረማል፣ እንደገና ጨረታ። ሁለት ዓመት። ጉድጓዱ እንደተከፈተ።»

ሳቬሪዮ ሳህኑን አንስቶ ቃሪያውን ለራሱ ገለበጠው።

ከንቲባው ጄራርዶ የከተማዋ ፋርማሲስትም ነው። ዕድሜው ገና አርባ አልሞላም፤ ቪቲና ከሽንት ጨርቁ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቢሮዋ ድረስ መጥቶ በሩን ዘጋው።

«ወይዘሮ ቪቲና፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«አንዲት ቃል አልጻፍ ብላኛለች።»

«ይጻፏታ! ቃል ናት።»

«እንግዲያው አንተ ጻፋትና ፈርምባት።»

«የእኔ ፊርማ እዚያ ላይ ቦታ የለውም፤ ሕጉ እርስዎን ነው የሚለው።»

«ለዚህ ለዚህማ ሕጉን አሳምረህ ታውቀዋለህ።»

ጄራርዶ ተቀመጠ። ቁጣው አልቆ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር መጣ። «ትምህርት ቤቱ አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም። ጎረቤት ከተሞችን አይተዋል። ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ይለምዳሉ፤ ቀጥሎ ወላጆቻቸው ተከትለው ይሄዳሉ። ሠላሳ ስምንት ልጅ ነው የቀረን። እኔ ለሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒት ስሸጥ ልሙት?»

እውነቱን ነበር፤ እሷንም ያስጨነቃት ይኸው ነው። ሁሉም እውነት ነበራቸው። ማመልከቻው ጠረጴዛዋ ላይ ሰነበተ። እሷ ስታነሳው፣ ስታስቀምጠው፣ ካኒዮ በየቀኑ እየደወለ «የመኪናዎቹ ዕዳ እየበላኝ ነው» ይላታል፤ እሷም «እያየሁት ነው» ትለዋለች። መንገድ ላይ ስትሄድ ሰው ወሬ ያቋርጥ ጀመር። «ፈሪ ናት» ሲሉ ሰማች፤ «ለወንበሯ ነው የምትሳሳው።»

በመጨረሻ፣ እንደ ጠፋ ልጅ፣ ወደ አጎት ኤጂዲዮ ሄደች። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ባቄላ ይፈለፍላል። አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ውኃውን፣ ቃሉን፣ የካኒዮን ዋጋ፣ የከንቲባውን ልመና። ከዚያ፣ «ዛሬ ቢሆን ይፈርሙ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

አጎት ኤጂዲዮ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራሮቹ አየ። «ከዓርብ ጀምሮ ይዘንባል» አለ።

ያው የተለመደው ማምለጫ መሰላትና ልትነሳ ስትል፣ «ጉድጓዱ ክፍት ነው?» አላት።

«ክፍት ነው።»

«ልጆቹስ?»

«ከላይ ናቸው።»

ባቄላውን አስቀመጠ። «ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ቪቲና ፊቷ ጋለ። ስንት ሳምንት ሙሉ ስለ ወረቀቱ ስትጨነቅ፣ ስለ ጉድጓዱ አንድ ነገር አላደረገችም ነበር። ስለ ፊርማዋ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ስሟ እንጂ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መጀመሪያ የሄደችው ትምህርት ቤቱ ነው። ርእሰ መምህርቷን ጠርታ፣ «ልጆቹን አሁኑኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አውርጂልኝ፤ የሚጠይቅሽ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ» አለቻት። ከዚያ ወደ ቁፋሮው ወረደች። የመኪናዋን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጋ፣ ቆማ ጻፈች። ካኒዮ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ።

«ተፈቀደልኝ?»

«አልተፈቀደም። ውኃው የሚታወቅ ነበር፤ ስህተቱ የንድፉ ነው፤ እንደዚያ ብዬ ጽፌያለሁ። ይኼኛው ወረቀት ደግሞ ሌላ ነው። ትእዛዝ ነው። ጉድጓዱን እስከ ነገ ድረስ በድንጋይ ትሞላዋለህ።»

«የቆፈርኩትን? ወር ሙሉ የቆፈርኩትን ልድፈነው?»

«ትደፍነዋለህ። ዝናብ እየመጣ ነው።»

«ማን ሊከፍለኝ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ። ያለ ጨረታ፣ በእኔ ፊርማ። አደጋ ሲያሰጋ ይቻላል።»

ካኒዮ ዓይኑ ፈጠጠ። «አንቺ? ያለ ጨረታ? ስሟን ለመጻፍ አንድ ሳምንት የሚፈጅባት ቪቲና?»

«እኔ።»

«በስንት?»

«በመንግሥት የዋጋ ዝርዝር። ከላዩ ሠላሳ አራት ተቀንሶ።»

ከዚያ ካኒዮ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ። «ያ ቅናሽ ለግንቡ ነበር! ለዚህ አይደለም! አንቺ ሴትዮ ሬሳዬንም ሳትገፍፊ አትቀሪም!»

«ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፣ ካኒዮ። በሰኔ ከረባት አስረህ ያዋጣኛል ብለኸናል።»

ቪቲና ባትቀንስበት ኖሮ ሰውዬው ጥቂት ትንፋሽ ያገኝ እንደነበር ታውቃለች። ግን የጨረታውን ዋጋ ትታ ሌላ ብትጽፍለት፣ ከኋላ በር የገባ ተጨማሪ ክፍያ ይሆናል፤ ያኔ ሁለቱም እውነትም ሌቦች ይሆናሉ። ካኒዮ ሰማዩን አየ፤ ከምዕራብ ደመናው እየጠቆረ ነበር። ትምህርት ቤቱን አየ። ቆቡን አንስቶ አራገፈና ኤስካቫተሩ ላይ ወጣ።

ያን ቀንና የሚቀጥለውን ገልባጮቹ ከካባው ድንጋይ ሲያመላልሱ ዋሉ። ቪቲና ከቦታው ንቅንቅ አላለችም። እያንዳንዱን ጭነት ቆማ አስመዘነች፤ ሁለቱን አፈር በዝቶባቸዋል ብላ መለሰች፤ ካኒዮም በየጊዜው በእናት በአባቷ ተሳደበ። ከላይ ወላጆች ተሰብስበው ይጮኹባታል። «በመጀመሪያ ማስቆፈር፣ ቀጥሎ ማስደፈን! ገንዘቡ የአባትሽ ነው?» አለ አንዱ። ቀና ብላ አላየችም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ፤ እስከ እሑድ አላባራም። እሑድ ከቅዳሴ የወጣው ሰው ጃንጥላውን ይዞ ከአደባባዩ ጫፍ ቆሞ ሲመለከት፣ ከሙሌቱ ጎን ያለው ቁልቁለት እንደ ሰነፍ ገንፎ ቀስ ብሎ ወረደ፤ የመንገዱን አጥርና ሁለት የወይራ ዛፎች ይዞ ሄደ። ድንጋዩ ሰመጠ፣ አዘነበለ፣ ከዚያ ቆመ። የትምህርት ቤቱ አንድ ማዕዘን እጅ እስኪያስገባ ተሰነጠቀ፤ ግን አልወደቀም። ሰውም አልተጎዳም።

ባይሞላ ኖሮ ይወድቅ ነበር ወይ? ይህን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ቡና ቤት ውስጥ ገሚሱ «ልጆቻችንን አተረፈች» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «ባትሞላውም አይወድቅም ነበር፤ ስንት ዓመት የቆመ ቤት!» እያለ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ይመታል።

ውሉ ፈረሰ። ንድፉን የሠሩት መሐንዲሶችና ኢንሹራንሳቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ፍርድ ቤት ገቡ። ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄዱ ጀመር። ካኒዮ ለሠራው ያህል ተከፈለው፤ አልበቃውም። መጀመሪያ ገልባጮቹን፣ ቀጥሎ ኤስካቫተሩን ሸጠ። የወንድሙ ልጆች ወደ ጀርመን ሄዱ።

ቪቲና የፈራችው የዚያ ሒሳብ መርማሪ ፍርድ ቤት ደብዳቤ በሁለተኛው ዓመት መጣ፤ የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው። የሚገርመው የመጣበት አቅጣጫ ነው። መርማሪዎቹ ያልፈረመችውን አልጠየቋትም፤ የጠየቋት የፈረመችውን ነው። ለምን ያለ ጨረታ? ለምን ለዚያው ለከሰረው ሰው? ከዚያ በኋላ የነበረው ዓመት በሕይወቷ የከፋው ነበር። ቀሚሶቿ ሰፏት። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ቤቱን ግን በሳቬሪዮ ስም አላዞረችውም፤ «እንግዲህ ከመጣ ይምጣ» አለች።

በቀጠሮዋ ቀን ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጠች። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ዳኛ ወረቀቱን እያገላበጠች፣ «ዋጋው ላይ የጨረታውን ቅናሽ የቀነሱት እርስዎ ነዎት?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«ሰውየው ተስማማ?»

«ሰደበኝ። ግን ሠራው።»

ዳኛዋ አልሳቀችም፤ አንድ ነገር ጻፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ ጉዳዩ ተዘጋ፤ ከእሷ የሚጠየቅ ነገር የለም ተባለ። ሳቬሪዮ ወይን ከፈተ። እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች። ያዳናት ያ ቅናሽ ነበር፤ ካኒዮን የሰበረውም ያው ቅናሽ ነው።

በሁለተኛው ጨረታ ንድፉ ውኃውን አውቆ ተነሣ፤ ዋጋውም ወደ እውነቱ ተጠጋ። ሥራውን ከሌላ አውራጃ የመጣ ድርጅት አሸነፈ። ግንቡ ቆመ፤ ምንጩም በቱቦ ወጥቶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከሠላሳ ስምንቱ የተመለሱት ሃያ ሦስት ናቸው። ከንቲባው ከዚያ በኋላ ለቪቲና ክፉ ቃል ባይናገራትም፣ ቢሮዋ መምጣቱን ተወ።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሰዎች ያን ጊዜ ለምን አልፈረምሽም ሲሏት፣ «እውነት ስላልነበረ» ትላለች። ከሳቬሪዮ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ትናገራለች። «ሐሰት ስለሆነ ይሁን፣ ስለፈራሁ ይሁን፣ እኔም አላውቀውም» ትለዋለች። እሱም፣ «ጉድጓዱ ግድ የለውም፤ ተሞልቷል» ይላታል።

ካኒዮ አሁን ለሌላ ሰው ኤስካቫተር ይነዳል። መንገድ ላይ ሲገናኙ እጁን ከመሪው ላይ በትንሹ ያነሳላታል። ሚስቱ ኢንካርናታ ግን አትመልስላትም። ሐሙስ ሐሙስ በገበያው ቪቲና ቆማ «እንደምን አደርሽ፣ ኢንካርናታ» ትላታለች፤ ኢንካርናታ ቲማቲሙን ታገላብጣለች። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው ነው።